ላልታመመ ዶሮ የተሰጠ መድኃኒት፦ የባይትሪል ጉዳይ

ሲፕሮን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተቅማጥ ሲበረታ፣ ሽንት ሲያቃጥል፣ «ታይፎይድ ነው» ሲባል የምትታዘዝ ክኒን ናት። ሙሉ ስሟ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው። ይህቺ ክኒን ዶሮ ማጠጫ ውስጥ የሚገባ የቅርብ ዘመድ እንዳላት ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ስሙ ኢንሮፍሎክሳሲን ነው፤ ገበያ ላይ ባይትሪል ይባላል። ዘመድ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ኢንሮፍሎክሳሲን ዶሮዋ ከጠጣችው በኋላ ከፊሉ ሰውነቷ ውስጥ ተለውጦ ራሱ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይሆናል።

ዛሬ የማወራችሁ ይህ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ እንዴት ለዶሮ እንደተፈቀደና እንዴት እንደተከለከለ ነው። ከፈቃዱ እስከ እገዳው 9 ዓመት አልሞላም። ከዚያ ውስጥ 5 ዓመት የሚጠጋው በክርክር አለቀ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አርቢው ለምን እንደፈለገው እንይ። የአሜሪካ የሥጋ ዶሮ ቤት አንዱ ብቻ 20 ሺህና ከዚያ በላይ ዶሮ ይይዛል። አቧራ አለ፤ ከኩሱ የሚነሳ አሞኒያ አለ። ጫጩቶቹ ትንሽ ሲዳከሙ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ በመተንፈሻቸው ገብቶ የአየር ከረጢታቸውን ይመርዘዋል። ዛሬ 20 ይሞታሉ፣ ነገ 50። የተረፉትም ቄራ ሲደርሱ በተቆጣጣሪው ይጣላሉ። አርቢው እንቅልፍ ያጣል። የቆዩት መድኃኒቶች፣ ቴትራሳይክሊንን ጨምሮ፣ ብዙ ቦታ መሥራት አቁመዋል። በዚህ ላይ አዲስና ኃይለኛ ነገር ሲመጣለት ለምን እምቢ ይላል?

ችግሩ ያለው አሰጣጡ ላይ ነው። 20 ሺህ ዶሮ መሐል የታመመችውን እየያዙ መርፌ መውጋት አይቻልም። ስለዚህ መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ ቤቱ በሙሉ ይጠጣል። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አለ፤ አሳዛኝም ነው። የታመመ ዶሮ ይኮራመታል እንጂ እንደልቡ አይጠጣም። ደህናው ነው ጠግቦ የሚጠጣው። መድኃኒቱ በጣም የሚያስፈልጋት ዶሮ ትንሽ ታገኛለች፤ ምንም ያልሆነችው ሙሉውን ትወስዳለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ብክነት ነው ብለን እናልፈው ነበር። ያልታመመችው ዶሮ አንጀት ውስጥ ግን ሌላ ነዋሪ አለ። ካምፓይሎባክተር ይባላል። ዶሮን አያሳምማትም። ሰውነቷ 41 እና 42 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሞቅ እዚያ ይመቸዋል፤ በሰላም ይኖራል፣ በኩሷ ይወጣል፣ ወደ ጎረቤቷ ይሸጋገራል። አርቢው መኖሩን እንኳ የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። ሰው ላይ ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ቁርጠት፣ ትኩሳት፣ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ለመታመም ጥቂት መቶ ባክቴሪያዎች ይበቃሉ። ከጥሬ ሥጋ የወረደች አንዲት ጠብታ ያን ያህል ልትይዝ ትችላለች። በወቅቱ በወጣ ግምት አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 2.4 ሚሊዮን ሰው በዚህ ባክቴሪያ ይታመም ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ያለምንም መድኃኒት ይድናል። ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ሰውነቱ በሌላ በሽታ ለተዳከመ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከሺህ ታማሚ አንድ ያህሉ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ጊያን ባሬ የሚባል እጅና እግርን የሚያዝል የነርቭ ሕመም ይይዘዋል። ሐኪም ደግሞ ታማሚው ፊቱ ሲቀመጥ የተቅማጡን መንስኤ ገና አያውቅም። የላቦራቶሪ ውጤት ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ በግምት ያዝዛል። ያኔ በግምት የሚታዘዘው ደግሞ ሲፕሮ ነበር።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍዲኤ፣ በ1995 ሳራፍሎክሳሲን የተባለውን የአቦት ኩባንያ መድኃኒት ለዶሮና ለተርኪ ፈቀደ። በጥቅምት 1996 የባየር ኩባንያን ኢንሮፍሎክሳሲን ጨመረ። ሁለቱም ፍሎሮኪኖሎን ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ሲፕሮም ከዚያው ነው። የሲፕሮ ባለቤትም ባየር ነው። አንድ ኩባንያ፣ ሁለት ዘመዳም መድኃኒት፣ አንዱ ለሰው አንዱ ለዶሮ።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ሆላንድ ውስጥ ኢንሮፍሎክሳሲን ለእንስሳት ሕክምና የገባው በ1987 ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1991 ያወጡት ጥናት፣ በ1982 መድኃኒቱን የተላመደ፣ ማለትም መድኃኒቱ የማይገድለው፣ ካምፓይሎባክተር በዶሮም በሰውም ዘንድ ዜሮ እንደነበር፣ በ1989 ግን በዶሮ 14 በመቶ፣ በሰው 11 በመቶ እንደደረሰ አሳየ። ኤፍዲኤ ይህን ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው መድኃኒቱ በእንስሳት ሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሸጥ ያደረገው። ለዚህም ነው በ1996 ባክቴሪያዎች መድኃኒት ሲላመዱ የሚከታተል አገር አቀፍ ሥርዓት የተቋቋመው። እሳቱን ለኩሰው አጠገቡ ጭስ ጠቋሚ ሰቀሉ ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ጠቋሚው መሰቀሉ ግን በኋላ ጠቅሟል።

ጭሱ መጀመሪያ የታየው ሚኒሶታ ነው። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት የካምፓይሎባክተር ታማሚዎችን ለዓመታት መዝግቦ ነበር። የተመራማሪው የኪርክ ስሚዝ ቡድን ውጤቱን በ1999 አሳተመ። በ1992 ከታማሚዎቹ 1.3 በመቶው ብቻ ነበር መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ የተገኘበት። በ1998 ግን 10.2 በመቶ ደረሰ። አብዛኛው ጭማሪ ሜክሲኮና ሌላ አገር ደርሰው ከመጡ መንገደኞች ነው። ይህን አልሸሸጉም። ከአገራቸው ሳይወጡ የታመሙትም ግን ከ1996 ወዲህ እየጨመሩ ሄዱ። ባይትሪል የተፈቀደው መቼ ነበር? በ1996።

ቡድኑ እዚያ ላይ አላቆመም። ከገበያ 91 የአገር ውስጥ የዶሮ ሥጋ ገዝቶ መረመረ። ከ14 በመቶው መድኃኒቱን የተላመደ ካምፓይሎባክተር ወጣ። የባክቴሪያዎቹ የዘር አሻራ እዚያው ሚኒሶታ ከታመሙት ሰዎች ከተገኘው ጋር ሲነጻጸር ገጠመ። ታማሚው ራሱ ቀድሞ ሲፕሮ ስለወሰደ ይሆን? እሱንም ፈተሹት፤ ቢበዛ 15 በመቶውን ነው የሚያስረዳው። ፍሎሮኪኖሎን ከወሰዱት ታማሚዎች ደግሞ የተላመደው ባክቴሪያ የያዛቸው ተቅማጣቸው 10 ቀን ቆየ። የሌሎቹ 7 ቀን። ሦስት ቀን ሲወራ ቀላል ነው። ሽንት ቤት ለሚመላለሰው ግን አይቀልም።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ያለው ግን ከዚህ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ውስጥ ነው።

የኤፍዲኤ ተመራማሪዎች ካምፓይሎባክተር ያለባቸውን ዶሮዎች በተፈቀደው መጠን፣ በተፈቀደው መንገድ ለ5 ቀን መድኃኒቱን አጠጡ። ሕገወጥ የለም፤ ከመጠን በላይ የለም። ባክቴሪያውን ለመግታት በፊት በሚሊ ሊትር 0.25 ማይክሮግራም ሲፕሮ ይበቃ ነበር። በ5 ቀን ውስጥ 32 ሆነ። 128 እጥፍ ማለት ነው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ባክቴሪያው ወደ ድሮው አልተመለሰም። ይህ በ2002 ታተመ። በ2003 ደግሞ ሆላንዶች ዶሮዎችን ለየብቻ አስቀምጠው ሁለቱን ባክቴሪያዎች ጎን ለጎን አዩ። ካምፓይሎባክተር ወዲያው ተላመደ። ኢ. ኮላይ አልተላመደም።

ልብ በሉ። መድኃኒቱ የተላከው ለኢ. ኮላይ ነበር። የተማረው ግን ማንም ያላሰበው፣ ዶሮዋን ምንም ያላደረጋት፣ ጥግ ይዞ የተቀመጠው ነው።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ባክቴሪያ ሲራባ ዲኤንኤው ይጠማዘዛል፤ የተጠማዘዘውን የሚፈቱለት ኢንዛይሞች አሉት። ፍሎሮኪኖሎን እነዚህን ይይዝና ሥራ ያስፈታል። ኢ. ኮላይ እንዲህ ያሉ ሁለት ኢንዛይሞች አሉት። መድኃኒቱን በደንብ ለመቋቋም ሁለቱም ላይ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ብዙ ለውጥ ማካሄድ አለበት። ካምፓይሎባክተር ሁለተኛው የለውም። አንዱ ላይ፣ ያውም አንድ ቦታ ብቻ፣ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ከተለወጠች አለቀ። በአንዲት ዶሮ አንጀት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ካምፓይሎባክተር አለ። ከዚያ ሁሉ መሐል ያቺ ፊደል በአጋጣሚ የተለወጠችበት አንድ አይጠፋም። መድኃኒቱ ሌላውን ሲጠርግለት ሜዳው የእሱ ይሆናል። ይህን በአንድ ዶሮ ሳይሆን በ20 ሺህ አስቡት።

ኤፍዲኤ በጥቅምት 31 ቀን 2000 የሁለቱንም መድኃኒቶች የዶሮና የተርኪ ፈቃድ ሊሰርዝ እንዳሰበ አስታወቀ። አቦት አልተከራከረም፤ የራሱን አነሳ። ባየር ግን ይሰማልኝ አለ።

በመሐል አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። በ2001 መስከረምና ጥቅምት ውስጥ አንትራክስ (አባ ሰንጋ) የተጨመረባቸው ደብዳቤዎች ለጋዜጠኞችና ለምክር ቤት አባላት ተላኩ። ለአንትራክስ የሚታዘዘው ሲፕሮ ስለነበር አገሩ በሙሉ ስለ እሱ ማውራት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ የባለሙያ ወሬ የነበረው ነገር የቤት ወሬ ሆነ። ያ ክኒን ዘመዱ ለዶሮ በውሃ ይሰጣል ሲባል ሰሚው ደነገጠ። በ2002 መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹ የዶሮ ኩባንያዎች መድኃኒቱን መተዋቸውን ወይም መቀነሳቸውን ይናገሩ ጀመር። ማክዶናልድስን የመሳሰሉ ገዢዎችም በእሱ የታከመ ዶሮ አንገዛም አሉ። ክርክሩ ገና አልተጀመረም፤ ገበያው ግን ከዳኛው ቀድሞ ፈረደ።

የባየር ክርክር ምን ነበር? ሁሉም ቀልድ አልነበረም። የሰዎቹ ሕመም ከጉዞ ነው፣ ከሌላ ምግብ ነው አሉ። መድኃኒቱ ከጠቅላላው መንጋ ጥቂቱ ላይ ብቻ ነው የሚውለው አሉ። ይህም እውነት ነው። የተላመደ ባክቴሪያ የያዘው ሰው የተለየ አይጎዳም ብለውም ተከራከሩ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይኼኛው ነው፦ መድኃኒቱ ከተከለከለ የአየር ከረጢታቸው የታመመ ዶሮዎች ቄራ ይደርሳሉ። የታመመ ዶሮ በማሽን ሲበለት አንጀቱ ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ ሥጋው ላይ የሚደርሰው ካምፓይሎባክተር ይብሳል። ሐሳቡ ብልህ ነው። ማስረጃው ግን የሐሳቡን ያህል አልጠነከረም።

እዚህ ላይ ሕጉ አገዛቸው ማለት አይቻልም። አንድ መድኃኒት አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ኤፍዲኤ ከባድ ጥያቄ የሚያስነሳ አዲስ ማስረጃ ካቀረበ፣ ደህና መሆኑን የማስረዳት ሸክም ወደ ባለመድኃኒቱ ይዞራል። «ጉዳቱን አላረጋገጣችሁም» ብሎ መቀመጥ አይበቃም። ጉዳዩን የሰሙት የአስተዳደር ሕግ ዳኛ ዳንኤል ዴቪድሰን በመጋቢት 2004 ፈቃዱ ይሰረዝ አሉ። የኤፍዲኤ ኮሚሽነር ሌስተር ክሮፎርድ በሐምሌ 2005 አጸደቁት። ክሮፎርድ ራሳቸው በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። እገዳው በመስከረም 12 ቀን 2005 ሥራ ላይ ዋለ። ኤፍዲኤ አንድን የእንስሳት መድኃኒት ባክቴሪያ ስለተላመደበት ብቻ ፈቃዱን ሲሰርዝ የመጀመሪያው ነው።

መድኃኒቱ ግን ከነአካቴው አልጠፋም። ለውሻና ለድመት አለ። ለከብትም በመርፌ ይሰጣል። ልዩነቱ ከብቱ በስሙ መታከሙ ነው፤ ታማሚው ታይቶ፣ ተይዞ፣ ተወግቶ። እኔ ከጉዳዩ ሁሉ ይህን ነጥብ ነው የምወደው። ትግሉ ከመድኃኒቱ ጋር ከነበረው ይልቅ ከማጠጫው ጋር የነበረው ይበዛል።

ታዲያ ከእገዳው በኋላ ቁጥሩ ወረደ? አልወረደም። በ1997 ከአሜሪካ ታማሚዎች ከተወሰደው ካምፓይሎባክተር 13 በመቶው ሲፕሮን የተላመደ ነበር። በ2001 19 በመቶ ሆነ። በ2011፣ ከእገዳው 6 ዓመት በኋላ፣ ወደ 25 በመቶ ተጠጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ መተረት ይቻላል። የመንገደኛውም ድርሻ በዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። ግን ዶሮው ላይም የታየ ነገር ነበር። መድኃኒቱን ትተናል ካሉ አንድ ዓመት በኋላ የሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ዶሮ ሲመረመር፣ ከአንዱ ካምፓይሎባክተር 43 በመቶው፣ ከሌላው 96 በመቶው አሁንም የተላመደ ሆኖ ተገኘ። ያለ አንቲባዮቲክ እናረባለን ከሚሉ ሁለት ኩባንያዎች ግን 5 እና 13 በመቶ ብቻ።

ድሮ የነበረው ተስፋ ቀላል ነበር። የተላመደ ባክቴሪያ ሸክም አለበት፤ መድኃኒቱ ሲቆም በጤነኛው ይሸነፋል ይባል ነበር። የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ይህንኑ ፈተኑ። የተላመደውንና ያልተላመደውን ካምፓይሎባክተር አንድ ላይ ለዶሮ ሰጡ፤ መድኃኒት የሚባል አልጨመሩም። ያሸነፈው የተላመደው ነው። ያቺ የተለወጠች ፊደል ሸክም መሆኗ ቀርቶ፣ ቢያንስ በአንዳንድ ዝርያዎች፣ ጉልበት ሆና ተገኘች።

እኛ ጋ ይህ ወሬ ሩቅ አይደለም። ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉትን የዶሮ እርባታዎች ያየ ሰው የመድኃኒት ጠርሙስ አይጠፋውም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ዶሮ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፈንግል ነው። ፈንግል ቫይረስ ነው። ለእሱ አንቲባዮቲክ ውሃ ውስጥ መጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ ክትባቱ እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል። መድኃኒቱ ፈንግልን ምንም ሳያደርገው አንጀት ውስጥ ላለው ለሌላው ትምህርት ይሰጣል።

ዶሮ ወጣችን ያተርፈናል፤ ያን ያህል ሰዓት ተንተክትኮ የሚተርፍ ካምፓይሎባክተር የለም። የሚያሰጋኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። በዓል ዋዜማ አሥራ ሁለቱ ብልት በሎሚና በጨው ሲታጠብ ውሃው ይረጫል። መክተፊያው ላይ ይቀራል። ከዚያ እዚያው ላይ ለሰላጣ ቲማቲም ይከተፋል። እኔ ራሴ ስንቴ አድርጌዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። አውስትራሊያ ፍሎሮኪኖሎንን ለምግብ እንስሳት ፈቅዳ አታውቅም። ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎች «እነሱን እዩ» ይሉ ነበር፤ እውነትም የተላመደ ካምፓይሎባክተር ዶሮዎቿ ላይ እምብዛም አይገኝም ነበር። በ2020 አዲስ ጥናት ወጣ። ከአውስትራሊያ ዶሮዎች ከተገኘው ዋነኛው የካምፓይሎባክተር ዝርያ 14.8 በመቶው መድኃኒቱን የተላመደ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያመጡት ሰዎች ወይም የዱር ወፎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ጠረጠሩ። ዶሮዎቹ ግን ከመድኃኒቱ አንድ ጠብታ አልቀመሱም።